ከኮቱ ኪስ ያወጣሁት ቲኬት

ወንድሜን ክሊፎርድን ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት፣ ጢሙን የላጨሁት፣ የጫማውን ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያቺ ወይዘሮ ፔል የምትባለው ፈታኝ ግን በገዛ ወጥ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ፣ «ክሊፎርድ የሚወደውና የሚጠላው ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቅ ፊቷን ያዞረችው ወደ ሮክሳን ነው። ሮክሳን እቤታችን ከገባች ገና ሰባት ሳምንቷ ነበር። እኔ እዚያው ነበርኩ። ድስት እያጠብኩ ነበር። ከኔ ይልቅ ድስቱ ሳይታያት አልቀረም፤ «እንዴት ያለ ጠንካራ ድስት ነው» ብላዋለችና።

«ምነው እኔን የማትጠይቂኝ?» አልኳት እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ።

ፈገግ አለችልኝ። ነርስ መርፌ ልትወጋው ያለችውን ሕፃን የምታየው ዓይነት ፈገግታ። «ፈተናው የሮክሳን ስለሆነ ነው፣ ሚስ ዊግናል። እርስዎንማ…»

«እኔንማ ምን?»

«እርስዎንማ በጣም ነው የምናከብርዎት።»

ጉድ እኮ ነው። ክብሩን ለራስሽ ያዥውና ጥያቄውን ስጪኝ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። የዋጥኩት ነገር ደግሞ ሆዴ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥልኝ ሰው አይደለሁም። ኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት እሱ ሆዴ ውስጥ ሲገላበጥ ከርሞ ነው።

ከመነሻው ላውራው። ስሜ ቴልማ ነው፤ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። የተወለድኩትም የምሞተውም እዚሁ ላንካሽር የባሕር ጠረፍ ላይ ነው። የዓሣ መርከቦቹ ሳይጠፉብን በፊት፣ ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ከበረዶውና ከቢላው ሳልለይ ዓሣ ስዘለዝል ኖሬአለሁ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እናቴ ሥራ ባልገባችበት ቀን ብቻ ነው። እሷ ስትገባ ክሊፎርድን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪው ለምን ቀረች ብሎ በር ሲያንኳኳ ሁለታችን ደረጃው ሥር ካለችው የከሰል ጓዳ እንገባና አፉን በመዳፌ እሸፍንለት ነበር። ፊደሉን ኋላ ከሱቅ ደጃፍና ከአውቶቡስ ግንባር ላይ በራሴ ነው የለቀምኩት። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንምም አላመሰገንኩም።

ክሊፎርድ ሲወለድ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ትንፋሽ ከለከለው፤ ጭንቅላቱን የጎዳው እሱ ነው። አሁን ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ይሰማል፣ ይስቃል፣ ይቆጣል፣ ካኮረፈም እንደ ሚኒስትር ነው የሚያኮርፈው። ቃል ግን የለውም። ሁለት ብቻ ነበሩት። አንዱ «ባ» ነው፤ አውቶቡስ ማለቱ ነው፤ ከምድር ፍጥረት ሁሉ አውቶቡስ ይወዳል። ሌላው «ቴል» ነው። እኔ ነኝ። እናታችንን እንኳ በስም ጠርቷት አያውቅም። ከሃምሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት፣ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ «አንቺንስ ይጠራሻል» አለችኝ፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደ ቀናችብኝ ገባኝ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ ነበር ያለኝ።

ባለፈው ኅዳር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራትቼ ዳሌዬ ተሰበረ። ሆስፒታል ሳለሁ ማዘጋጃ ቤቱ ክሊፎርድን የምትረዳ ብሎ ሮክሳንን ላከ፤ እኔ በከዘራ እያነከስኩ ስመለስም አልወሰዳትም። በሳምንት ሦስት ጠዋት ትመጣለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አፍንጫዋ ላይ ቀለበት አለች። አያቷ ዊኒ ከኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ዓሣ የዘለዘለች ናት፤ ስለዚህ «አክስት ቴልማ» ነው የምትለኝ። እሷ ራሷ ዓሣ በጢስ የሚደርቅበት ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ስትሠራ ነበር። አሁን ራሳቸውን መጠበቅ የማይችሉ አዋቂ ሰዎችን የመርዳት የምስክር ወረቀት ልታገኝ እየተማረች ነው። ትምህርቱ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ፈታኟ ሦስት ጊዜ መጥታ ስትሠራ በዓይኗ ማየት አለባት። ሁለቱን አልፋ ነበር። ሦስተኛው ክሊፎርድን ከቤት አውጥታ አንድ ቦታ ወስዳ መመለስ ነበር። መጋቢት ሳያልቅ ሦስቱንም ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፤ ካላለፈች በዚያው ትሰናበታለች። ይህን አውቅ ነበር። ባላውቅ ኖሮ ጥፋቴ ያንስ ነበር።

ሐምራዊ ፋይል ነበራት፤ ውፍረቱ የዳቦ ያህል ነው። ክሊፎርድ ቁርሱን በልቶ መስኮቱ ጋ ሲቀመጥ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋውና ጥያቄውን ጮክ ብላ ታነባለች።

«አክስት ቴልማ፣ ይስሙኝማ። ‹ክብር ማለት ምን ማለት እንደሆነ በራስሽ ቃል ግለጪ› ይላል።»

«ሱሪውን ስታወልቂለት ፊትሽን ወደ መስኮት ማዞር ነው።»

እስክሪብቶዋን ብድግ። «ይድገሙልኝ እስቲ።»

«ለምን? ጆሮሽን ዓሣ ቤት ረስተሽዋል?»

«ይድገሙልኝ እንጂ፣ ደርሶ መቆጣት!»

ደገምኩላት። ጻፈች። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ነው የምትጽፈው፣ ልክ እንደ አያቷ።

«እሺ፣ ቀጣዩ። ‹አንድ የምትረጂው ሰው በሌላ ሰው ሲጎዳ ብታዪ ምን ታደርጊያለሽ?›»

«መጀመሪያ በጥፊ። ቀጥሎ ፖሊስ።»

ሳቀች። «ጥፊውን ልዝለለው። መልሱ ‹እናገራለሁ› ነው። የጎዳው ዘመዱ ቢሆንም፣ የምወደው ሰው ቢሆንም እናገራለሁ።»

«በእኔም ላይ?» አልኳት፤ ለቀልድ ነው።

«በእናቴም ላይ» አለች። እሷ አልሳቀችም።

በሳምንቱ ፋይሉ በወይዘሮ ፔል ታርሞ ተመለሰ። በሩን ሳትዘጋ ነው ወረቀቱን እያውለበለበች የገባችው። «ይዩልኝ አክስቴ! ይዩ ምን እንዳሉኝ!» የኔ ዓረፍተ ነገር፣ የሱሪውና የመስኮቱ፣ በእጅ ጽሑፏ ተጽፎ፣ ከጎኑ በአረንጓዴ ቀለም «ድንቅ መልስ፣ ሮክሳን!» ይላል። ሮክሳን! እኔ ስሟን ለማንበብ መነጽሬን መፈለግ አላስፈለገኝም። ሃምሳ አንድ ዓመት የፈጀብኝን ነገር በአንድ ጠዋት ጻፈችውና የሷ ሆነ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ድምፄን ራሴው አልወደድኩትም።

ከዚያ የጭማቂው ነገር መጣ። ክሊፎርድ ጠዋት ጠዋት በሰማያዊው ኩባያ ሻይ በወተት፣ ሦስት ስኳር ተጨምሮበት ይጠጣል። እናታችን እንዲህ ነበር የምትሰጠው፤ እኔም እንዲሁ። አንድ ማክሰኞ ሮክሳን በአንድ እጇ ሰማያዊውን ኩባያ፣ በሌላው አንድ ብርጭቆ የእንጆሪ ጭማቂ ይዛ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች።

«የቱን ትፈልጋለህ ክሊፍ?»

ከዚያ ዝም። ዝም ብላ ታየዋለች።

«ምን ሆነሽ ነው? ሻዩ ይቀዘቅዛል» አልኩ።

«እሽሽ! አስር እየቆጠርኩ ነው። ከጠየቅን በኋላ በልባችን አስር ቆጥረን እንጠብቃለን። መልሱ ከውስጥ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል።»

«አስር እስክትቆጥሪ ልጁ በጥም ያልቃል!»

ስድስትም አልደረሰች መሰለኝ። የክሊፎርድ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ሰማያዊውን ኩባያ አልፎ ሄደና ብርጭቆውን ያዘ። ጠጣው። ከንፈሩን ላሰ። ከዚያ ጉልበቱን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገ፤ በጣም ደስ ሲለው ነው እንዲያ የሚያደርገው፤ አውቶቡስ ሲያይ ብቻ።

«ሻይ አይወድም ማለት ነው» አለች ሮክሳን ቀስ ብላ።

አስቡት እንግዲህ። ሃምሳ አንድ ዓመት። እናቴን ከጨመርኩ ስልሳ ምናምን። በየቀኑ አንድ ኩባያ።

«ሆዱን ያመዋል ጭማቂው» አልኩና ሻዩን ራሴ ጠጣሁት። ሦስት ስኳር ነበረበት፤ እንዴት እንዳስጠላኝ!

ከዚያ ቀን ወዲህ ሮክሳን በምትመጣበት ጠዋት በሩ ገና ሲንኳኳ ጉልበቱን ጠፍ ጠፍ ያደርግ ጀመር። ለኔ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ለኔ ለምን ያደርጋል? እኔ አላንኳኳም፤ እኔ ሁልጊዜ አለሁ። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር፤ አልጽናና አለኝ። ጠረጴዛ ስወለውል ጠፍ ጠፍ፣ ድንች ስልጥ ጠፍ ጠፍ። በከዘራዬ መሬቱን መታሁና፣ «ይበቃል፣ ሰማን! መጣችልህ!» አልኩት። ደንግጦ አየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ መለሰ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። የገደለኝ ሦስተኛው ቃል ነው።

ፈተናው ሐሙስ ነው ተብሎ፣ ማክሰኞ ዕለት ሮክሳን ልትሄድ ኮቷን ስትለብስ ክሊፎርድ ከወንበሩ ብድግ አለ። አፉ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ የሚያመው መስሎኝ ወደሱ ሄድኩ። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እሷን እያየ፣ «ሮክ» አለ።

ሮክሳን አለቀሰች። አቀፈችው። «ሰሙት አክስት ቴልማ? ሰሙት?»

ሰማሁ እንጂ። ያኔ ነው እናቴ ለምን ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች የገባኝ።

አሁን ስለ ቲኬቱ ልንገራችሁ። ክሊፎርድ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳለ አንድ ዝናባማ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ነበርን። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ሳንቲም ስፈልግ ቲኬት ቆራጩ መጣና፣ «ያንተስ ቲኬት?» ብሎ ክሊፎርድ ላይ ጮኸበት። ክሊፎርድ ሲደነግጥ ያንጎራጉራል፤ አንጎራጎረ። ሰውዬው ሰክሯል ብሎ በኮሌታው ጎትቶ አወረደው። እኔ ጮሄ እስካስቆመው አውቶቡሱ ርቆ ሄዷል፤ ወርጄ ወደኋላ ስሮጥ ወንድሜ ኩሬ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀት ቲኬት በእጁ ካልያዘ አውቶቡስ አይረግጥም። ኋላ ይህ የነጻ መጓጓዣ ካርድ መጣ፤ ማሽኑ ላይ ሲያስነኩት ጢጥ ይላል፣ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የመጨረሻዋን ወረቀት ቲኬት በላስቲክ ጠቅልዬ ከቡናማ ኮቱ ውስጠኛው የግራ ኪስ አስቀመጥኩለት። ፌርማታ ላይ እጁን ይከታል፣ ያወጣል፣ ለሹፌሩ ያሳያል፤ እንደ ጌታ ይሳፈራል። ጽሑፏ ከጠፋ ቆይቷል። ሹፌሮቹም ያውቁታል፣ ጎንበስ ብለው አይተው ያልፉታል። ከኔ፣ ከክሊፎርድና ከጥቂት ሹፌሮች በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ረቡዕ ሮክሳን ደወለችልኝ። «አክስት ቴልማ፣ ለነገ ያልጠየቅኩት ነገር እንዳይኖር። ከቤት ሲወጣ፣ አውቶቡስ ሲሳፈር፣ ማወቅ ያለብኝ ምን አለ?»

ይኸው፣ ተጠየቅሁ። እንድጠየቅ ስመኝ የከረምኩትን ጥያቄ ጠየቀችኝ። እኔ ግን የፈለግሁት ከሷ አልነበረም።

«ኮቱን አልብሺው። ሌላ ምንም የለም» አልኳት።

ሐሙስ ጠዋት፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት፣ ቡናማ ኮቱን ከማንጠልጠያው አውርጄ ቲኬቱን ከኪሱ አወጣሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ያሰብኩት እንዲህ ነበር። ክሊፎርድ ኪሱን ይዳብሳል፣ ቲኬት የለም፣ አልሳፈርም ይላል። ሮክሳን ግራ ይገባታል። ወይዘሮ ፔል ከነወረቀቷ ትቆማለች፤ ከዚያ ወደኔ ትዞርና፣ «ሚስ ዊግናል፣ ምን እናድርግ?» ትለኛለች። እኔም ቀስ ብዬ ቦርሳዬን ከፍቼ፣ «ይኸው» እላለሁ። ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ ነው የፈለግሁት። ሰው ሁሉ እያየ አንድ ጊዜ እንድጠየቅ።

እኔም በከዘራዬ ተከተልኳቸው። «ዳሌዎ አይጎዳም?» አለችኝ ወይዘሮ ፔል፤ «ዳሌዬ ከኔ ጋር ነው፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት። ሮክሳን ቤት ውስጥ ሁለት ባርኔጣ አሳይታው ነበር፤ አስር ቆጥራለት ቀዩን መርጧል። ቀይ እንደሚወድ አላውቅም ነበር። ያም አንድ።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። ሹፌሩ አዲስ ነበር፤ እኔም አላውቀው። ሮክሳን ካርዱን አስነካች፣ ጢጥ አለ። ክሊፎርድ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ፈለገ። በሌላው ኪስ ፈለገ። ተመልሶ በመጀመሪያው ፈለገ። ከዚያ ማንጎራጎር ጀመረ።

«ምን ሆነሃል ክሊፍ? ምን ጠፋብህ?» ሮክሳን ከጎኑ ጎንበስ አለች። ጠበቀችው። ከንፈሯ ሲቆጥር አየሁት።

«እባካችሁ፣ ሰው ሰዓት አለው!» አለ ሹፌሩ።

«አንድ ደቂቃ ስጠን፣ ወንድሜ።»

«ወይ ይግባ ወይ ይውረድ!»

ይውረድ። ቃሉን ክሊፎርድ ሰማው። ግንባሩን በጡጫው ይመታ ጀመር። ወይዘሮ ፔልን አየኋት። ጠይቂኝ። ዞር በይና ጠይቂኝ። ቦርሳዬን በደረቴ ይዤ፣ ጣቴ መዝጊያው ላይ ሆኖ ቆሜአለሁ። እሷ ትጽፋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ እኔም ቆጠርኩ፤ እመኑኝ፣ ቆጠርኩ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። አንዷ «ምስኪን» አለች፤ ያን ቃል ስጠላው! ሰባት። ስምንት። ክሊፎርድ ከደረጃው ወርዶ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ግራጫ ሱሪው ላይ እርጥበቱ ቀስ እያለ ሲሰፋ አየሁ። ያኔም ዓይኑ እኔን አልፈለገኝም። እሷን ነበር የሚያየው። እግዜር ይይልኝ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ቀናሁ።

ሮክሳን ኮቷን አወለቀች። ብርዱ ፊት የሚቆርጥ ነበር፤ ከውስጥ እጅጌ የሌለው ነገር ነው የለበሰችው። ኮቱን ጭኑ ላይ አለበሰችውና በሱና በሰዉ መካከል ቆመች። ከዚያ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

ፈታኟ ታይ አታይ እንደሆነ እንኳ ዞር ብላ አላየችም። ፊቷን ብቻ አዞረች፤ ወደ መስኮት እንዳልኳት።

አስር ላይ አልደረስኩም። ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ቲኬቱን አወጣሁ፣ በዚህ ዳሌዬ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ እጁ ውስጥ አስቀመጥኩለት። ማንጎራጎሩ ወዲያው ቆመ። በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘው።

ሮክሳን ቲኬቱን አየች። ከዚያ የተከፈተውን ቦርሳዬን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። አውቶቡሱ ሄደ።

በእግራችን ተመለስን። ሮክሳን ክሊፎርድን አጥባ ደረቅ ሱሪ አልብሳው ሳሎን መስኮቱ ጋ አስቀመጠችው፤ ቲኬቱን ይዞ። ወይዘሮ ፔል ወጥ ቤት ቆማ ወረቀቷን አጠፈች።

«ሮክሳን፣ አዝናለሁ» አለች። «አያያዝሽ ጥሩ ነበር፤ ግን አንድ ሰው ይዞ የሚወጣ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ስለ ቲኬቱ በክሊፎርድ የእንክብካቤ ዕቅድ ላይ አንድም ቃል የለም። አልፈሻል ልልሽ አልችልም። ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ቲኬቱ የት ነበር?»

ሮክሳን ባዶ ክንዷን አጣምራ ማጠቢያው ጋ ቆማለች። ክንዷ በብርድ ቀልቷል። አየችኝ።

«አክስት ቴልማ ራሳቸው ይንገሩዎት» አለች። «እሳቸው ካልነገሩዎት ግን እኔ እነግርዎታለሁ።»

በእናቴም ላይ ብላኝ ነበር። ልጅቷ ቀልድ አልነበረም የያዘችው። በአያቷ ዕድሜ ላለች፣ ለሥራዋ ምስክርነት ልሰጥላት ለምችል ሴት፣ ፊት ለፊት እንዲህ አለች። በዚያች ሰዓት ጠላኋት፤ ደግሞ ክሊፎርድን ከሷ በቀር ለማንም እንደማልሰጥ አወቅሁ።

ወይዘሮ ፔል ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያደረገች ነበር።

«ቁጭ በይ» አልኳት።

«ሚስ ዊግናል፣ ሌላ ቀጠሮ…»

«ቁጭ በይ አልኩሽ! ወንበሩ የኔ ነው፣ ተነሺም ቁጭ በይም የምለው እኔ ነኝ። እስክሪብቶሽን አውጪ።»

ተቀመጠች። አወጣች።

«ቲኬቱን ከኪሱ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት። ልጅቷ ትናንት ደውላ ማወቅ ያለብኝ ምን አለ ብላኛለች፤ ምንም የለም ብያታለሁ። ዋሽቼ ነው።»

ወይዘሮ ፔል ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። ከድስቱ በላይ ታየሁ ማለት ነው፤ እንዲህ ለመታየት አልነበረም የለፋሁት። «ለምን?» አለች።

«አንቺ እንድትጠይቂኝ። ከዚያ ደግሞ ስሟን ስለጠራ። ከፈለግሽ ይህንንም ጻፊው፤ ቀናሁ ብለሽ ጻፊ፣ ፊደሉን ካላወቅሽው ፈልጊው።»

«ይህን ከሰማሁ በኋላ ለማዘጋጃ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው፤ ይገባዎታል? መጥተው ያነጋግሩዎታል።»

«ጻፊ ነው እኮ የምልሽ! ማን አትጻፊ አለሽ? ይምጡ። ወንበር አለ። ልጅቷ እናገራለሁ እያለች እኔ ልደበቅ? የከሰል ጓዳው ከተደፈነ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል።»

ሮክሳን በአፍንጫዋ ሳቅ የመሰለ ነገር አወጣች፤ ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«አልጨረስኩም» አልኩ። «ኮቷን አውልቃ እንዳለበሰችው ጻፊ። ፊቷን እንዳዞረችም ጻፊ፤ አይተሻል፣ አላየሁም አትበይኝ። የሚመጣው ሐሙስ በአራት ሰዓት ትመለሻለሽ፤ ቲኬቱ ኪሱ ውስጥ ይሆናል፤ ስለ ቲኬቱም ዕቅዱ ላይ እኔ ስናገር አንቺ ትጽፊዋለሽ። ደግሞ እዚያ ሐምራዊ ፋይል ውስጥ ስለ ሱሪና ስለ መስኮት የተጻፈ አንድ ነገር አለ፤ አረንጓዴ ቀለም ያፈሰስሽበት። እሱ የኔ ቃል ነው። ሥሩ ‹ቴልማ ዊግናል› ብለሽ ጻፊበት።»

ወይዘሮ ፔል ሮክሳንን አየቻት። ሮክሳን ራሷን ነቀነቀች። «የሳቸው ነው። እኔ ማሳወቅ ነበረብኝ።»

«ነበረብሽ» አልኳት።

«አዎ፣ ነበረብኝ።»

ወይዘሮ ፔል ጻፈች። እስክሪብቶዋ ሲሞጫጭር ይሰማል። ከሳሎን «ባ» የሚል ድምፅ መጣ፤ አውቶቡስ በመስኮቱ ሥር አልፎ መሆን አለበት። እኔንም አልጠራ፣ እሷንም አልጠራ።

«ሐሙስ፣ በአራት ሰዓት» አለች ወይዘሮ ፔል በመጨረሻ። «አንድ ዕድል አለ። ሌላ የሚሉት ነገር አለ?»

«አለኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኑ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እሱንም ጻፊ።»

«አክስት ቴልማ» አለች ሮክሳን፣ ኮቷን በመጨረሻ እየለበሰች። «ከጎኑ ማን እንደሚቀመጥማ ራሱን ነው የምንጠይቀው። ያውቁታል።»

ምላሴ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩት። ከባድ ነበር፤ ብዙ ነበር።

«ጠይቂው» አልኳት። «ግን አስር እስክትቆጥሪ ድረስ እሱ በማያይሽ በኩል፣ ከኋላው ቁሚ።»